ይጽደቅ ወይስ ይውደቅ

በዚህ አገር ማንኛውም ነገር ከመበላሸቱ በፊት የዳሰሳ ጥናት ይደረግለታል። አጥኚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከመኪና አይወርዱም። መስኮቱን ዝቅ አድርገው ወደ ሜዳው በአገጫቸው እየጠቆሙ «እዚህ ጋ ነው?» ይላሉ። እዚህ ጋ መሆኑ ሲነገራቸው መስኮቱ ይዘጋል፤ ዳሰሳው አለቀ። ምን እንደዳሰሱ እግዜር ይወቅ።

ቃሉን መጀመሪያ የሰማሁት በ1995 ዓ.ም.፣ በሰባት ዓመቴ ነው። እናቴ ሙናዬ ወረታ ላይ፣ የደብረ ታቦር መንገድ ከጎንደሩ መንገድ በሚገነጠልበት ማዕዘን፣ ምግብ ቤት ነበራት። የጣና ዓሣ ጠብሳ ለጭነት መኪና ሾፌሮችና ለመንግሥት ሠራተኞች ታቀርባለች። ከመንግሥት ሠራተኞቹ መካከል ብዙ የሚበላውና ብዙ የሚናገረው አቶ ዘመነ ነበር፤ ትምህርት ቤት ማሠራት ከሥራዎቹ አንዱ የሆነ ሹም። የየትኛው ጽሕፈት ቤት ሹም እንደነበር አልናገርም። እንዲህ ያለ ሰው ያልተቀመጠበት ጽሕፈት ቤት ካለ ቅር እንዳይለው ብዬ ነው።

«ከአዲስ አበባ ባለሙያ ልትመጣ ነው» አለ አንድ ቀን፣ የዓሣ እሾህ ከጥርሱ እየጎለጎለ። «ሴት ናት አሉኝ። ለአዲሱ ትምህርት ቤት ዳሰሳ ታደርጋለች።»

ጓዳ ገባሁና እናቴን ጠየቅኋት። «እማ፣ ዳሰሳ ምንድን ነው?»

«መዳሰስ ነዋ! እኔ ምን አውቄ። ይልቅ ሰሃኑን አንሺ።»

ለእኔ ይህ በቂ ነበር። በቤታችን የሚዳስስ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እህቴ እናኑ። በሕፃንነቷ ኩፍኝ ዓይኖቿን ወስዶባታል። በዚያ ዓመት አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ውሎዋ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት መላጥ ነው። እናቴ «ደንበኛ ቅር ይለዋል» ብላ በምሳ ሰዓት ወደ ውጭ አታወጣትም ነበር። በየዓመቱ ወንዛዬ ፍል ውሃ ትወስዳታለች፤ በየዓመቱ የፍል ውሃ ሽታ ይዛ፣ ከነጨለማዋ ትመለሳለች። በዚያ ዓመት እናቴ ቆርጣለች፦ ዘንድሮም ካልዳነች ሐሙሲት ከተማ አክስቴ ዘንድ ሄዳ ጥጥ ስትፈትል ትኖራለች። እናኑ የምትፈልገው ትምህርት ቤት መግባት ነበር። የነባሩ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ግን «ለእሷ የሚሆን ክፍል የለንም» ብሎ ነበር፤ ዓይን ላላቸው ልጆች የሚሆን ክፍል ያለው ይመስል።

ወደ እህቴ ሮጥሁ።

«እናኑ! እንዳንቺ ያለች ሴትዮ ልትመጣ ነው! ትምህርት ቤቱን ዳስሳ ልትሠራው!»

ቢላዋዋን አቆመች። «ማን አለ?»

«አቶ ዘመነ።»

«አቶ ዘመነ ያለው ነገር እውነት ሆኖ ያውቃል?» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ግን ሽንኩርቱን ከሚገባው በላይ ላጠችው፤ ከእጇ ላይ አለቀ።

ሴትዮዋ በግንቦት መጨረሻ መጣች፤ ስሟ ናፍቆት ነበር። ከመኪናዋ ስትወርድ የፊቷን ግማሽ የሚሸፍን ጥቁር መነጽር አድርጋለች። በእጇ ቀይና ነጭ የተቀባ ረዥም ዘንግ ይዛለች። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አንለይ ክንዷን ደግፎ በግቢው ያሻግራታል። አሮጌው ክፍል ገብታ መነጽሯን አወለቀች፤ ዓይኖቿን ጨፈነች፤ አጨበጨበች፤ ዝም ብላ አዳመጠች። እንደገና አጨበጨበች። ከዚያ መዳፏን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ከዳር እስከ ዳር ሄደች። መስኮት ላይ ተንጠልጥዬ አየኋት፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ልጠብቅ?

እውነቱን ያወቅሁት ኋላ ነው፤ ዘንጉ መሬት የሚለኩ ሰዎች ሁሉ የሚይዙት ዘንግ ነው። መነጽሩ ለፎገራ ሜዳ ፀሐይ ነው። ክንዷ የተያዘው የመጀመሪያው ዝናብ ያራሰው ዋልካ አፈር አንድ ጫማዋን ስለዋጠው ነው። የምታጨበጭበው ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ምን ያህል እንደሚንከራተት ለመስማት ነው። እንጅማ ናፍቆት ከግቢው በር ላይ ሆና የግንበኛን ስንፍና የምታይ ሴት ናት፤ ይህን ከአንድ በላይ ግንበኛ ነግሮኛል፣ በምሬት። የከተማው ትልልቅ ሰዎች ግን ዓይን እያላቸው ከእኔ የተሻለ አልገመቱም። ግማሹ «የተቀበረ ወርቅ ፍለጋ ነው» አለ፤ ግማሹ «ግድግዳ ታነጋግራለች፣ ነክቷታል» አለ። አንዲት ሴት ተምራ፣ ሠልጥና፣ ሥራዋን እየሠራች ይሆናል ብሎ የገመተ አልነበረም። ይህ ከወርቁም ከእብደቱም ይልቅ የማይታመን ነገር ነበር።

በማግስቱ ለምሳ እኛ ቤት ገባች። ዓሣዋ ሳይቀርብላት እናኑ ከጓዳ ወጣች። በምሳ ሰዓት፣ በሙሉ ቤት ፊት፣ ከነሽንኩርት ሽታዋ በሩ ላይ ቆመች። እናቴ ክው አለች።

«አንቺ ልጅ! ምን ሆነሻል፣ ሰው ፊት!»

ናፍቆት ከወንበሯ ላይ ዞር አለች። «ተያት፤ ትምጣ።»

እናኑ በወንበሮቹ መሀል እየዳበሰች መጣችና ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች። «የሚዳስሱት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን አገኙ?»

«ገና ነኝ» አለች ናፍቆት። «አንቺስ እስካሁን ምን አገኘሽ?»

እህቴን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ የሚጠይቃት ምን እንዳጣች ነበር። «ነገ ይምጡ፤ ከዚህ እስከ ትምህርት ቤቱ ላሳይዎት» አለች። አንድ ሾፌር «ማን ለማን ነው የሚያሳየው?» ብሎ ሳቀ፤ ቤቱም አብሮ ሳቀ። እኔ ግን በሳቁ ተናደድሁ፤ ሁለት ዓይነ ስውሮች መንገድ ሲቀጣጠሩ ምኑ ያስቃል?

በማግስቱ ሦስታችን ወጣን። እናኑ በፊት፣ ናፍቆት ዓይኖቿን ጨፍና የእናኑን ትከሻ ይዛ፣ እኔ ከኋላ። እናኑ አቅጣጫዋን የምታውቀው በሩዝ መፈልፈያው ድምፅ ነበር፤ መፈልፈያው በስተግራዋ ከጮኸ መንገዱን ይዛለች ማለት ነው። አስፋልቱን ለመሻገር መሀሉ ላይ ስንደርስ መብራት ጠፋ። መፈልፈያው አቃሰተና ዝም አለ። እናኑ ባለችበት ደረቀች።

«አሁን የት ነን?» አለች ናፍቆት፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«እኔ እንጃ። መፈልፈያው ሲነሣ እነግርዎታለሁ።»

አንድ ጋሪ በአፍንጫችን ሥር አለፈ። ባለ ጋሪው እናቶቻችንን እየጠራ ሰደበን። ከጎንደር በኩል የሚመጣ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ለቀቀው። ናፍቆት ግን ዓይኗን አልገለጠችም፤ የእናኑ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ በመዳፏ ይሰማት ነበርና፣ ያን ጊዜ መግለጥ እሷን ጥሎ መሄድ መስሎ ታያት። ይህን የነገረችኝ ኋላ ነው። ያን ቀን እኔ የማውቀው ሁለቱን የማድን ብቸኛዋ ዓይናማ እኔ መሆኔን ነው። ቀሚሳቸውን ይዤ ጎትቼ አሻገርኋቸው። ጎረቤቱን ሁሉ ለሳምንት አሰለቸሁት፦ «የመንግሥት መሐንዲስ ከሞት አዳንኩ!»

ከመንገዱ ማዶ ናፍቆት ዓይኗን ጠረገችና «ትምህርት ቤቱ መብራት ሲጠፋ አብሮ የማይጠፋ ነገር ያስፈልገዋል» አለች። ለማን እንደተናገረች አልገባኝም።

ፕላኑ በሐምሌ ለስብሰባ ቀረበ። ስብሰባው የተጠራው እዚያው አሮጌው ክፍል ውስጥ ነው። የሻይ ዕረፍቱን ዳቦ ያቀረበችው እናቴ ስለሆነች፣ እኔ ትሪውን፣ እናኑ ደግሞ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ይዘን በሩ ሥር ቆምን። አቶ ዘመነ ፕላኑን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አሳየ፤ የሞተ አይጥ የያዘ ይመስል ነበር።

«ጓዶች፣ እስቲ ይህን እዩልኝ። ግድግዳው ላይ በልጅ ወገብ ልክ የሚሄድ ቦይ። ለጣት መንገድ ነው አሉ! ግቢው ውስጥ ሲረገጥ የሚጮህ የሸክላ ንጣፍ። በየክፍሉ በር ላይ ጤና አዳም። ይሄ ትምህርት ቤት ነው ጠበል ቤት?»

ሳቅ።

«ኮርኒሱ ደግሞ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል! ገበሬው ከሣር ቤት ወጥቶ ቆርቆሮ ለበሰ ብለን ሪፖርት ባቀረብንበት ዓመት፣ መንግሥት ወደ ደንገል ይመለስ? ሌላው ጋ እኮ ሰማያዊ መስታወት እየገባ ነው።»

«ሰማያዊው መስታወት ለምን ይጠቅማል?» አለች ናፍቆት።

«ለዕይታ ነዋ!»

«ለማን ዕይታ?»

«ለሚያይ ሰው!» አለ አቶ ዘመነ፣ ትዕግሥቱ አልቆ። «እህቴ፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ሐቁን እንነጋገር። ይሄ የዓይነ ስውር ፕላን ነው!»

ትሪው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ይኸው፣ ሹሙ ራሱ በአደባባይ መሰከረ! እናኑን በክርኔ ጎሸም አደረግኋት። እሷ ግን ጆሮዋን ወደ ናፍቆት አቅንታለች።

«ገብቶዎታል ማለት ነው» አለች ናፍቆት። «ዓይን ላለውም ይሆናል። እርስዎ የሚሉት ግን ዓይን ለሌለው አይሆንም። ልዩነታችን ይኸው ነው። ጣራውን በተመለከተ ደግሞ፣ በዚህ ቆርቆሮ ሥር በክረምት መምህሩ የሚለውን የሚሰማ ልጅ...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም፤ ዝናቡ ጨረሰላት። የፎገራ የሐምሌ ዝናብ አይጀምርም፤ ይወድቃል። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ፣ አንድ መኪና ሙሉ ጠጠር ጭንቅላታችን ላይ የተገለበጠ መሰለ። አቶ ዘመነ መናገሩን አላቆመም፤ እንዲህ ያለ ሰው ባይሰማም ይናገራል። አፉ ሲከፈት ሲዘጋ አያለሁ። ጠረጴዛ ደበደበ። እንጥሉ እስኪታይ ጮኸ። ከዝናቡ መሀል የተረፈው ይህ ብቻ ነበር፦

«...ፕላን... ደቅ የምትሉ... እጅ!»

ሁሉም እጁን አወጣ። ምን እንደተባለ የሰማ አልነበረም፤ መስማት ግን መቼም ግዴታ ሆኖ አያውቅም። «እጅ» ሲባል እጅ ይወጣል።

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐይነሽ፣ ብዕሯን አንሥታ በሩ አጠገብ ወዳለችው ናፍቆት ጆሮ ተጠጋች። በመካከላቸው ትሪ ይዤ የቆምሁት እኔ ነበርሁ፤ በአናቴ ላይ ነው የተነጋገሩት።

«ምን አለ? ይጽደቅ ነው ይውደቅ?»

ናፍቆት ቅንድቧ እንኳ አልተነቃነቀም። «ይጽደቅ።»

ጸሐይነሽ ጻፈች፦ «ፕላኑ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» ሁሉም ፈረሙ። አቶ ዘመነም ፈረመ፤ የሚፈርመውን ነገር ማንበብ ሥልጣኑን ዝቅ ማድረግ ይመስለው ነበርና። ያነበበው ቃለ ጉባኤው ወደ በላይ አካል ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ውሳኔውን ለማስቀየር አንድ መንገድ ብቻ ነበረው፦ «የራሴን ስብሰባ በራሴ ጣራ ሥር መስማት አልቻልኩም» ብሎ መጻፍ። ይህን ከጻፈ ሴትዮዋ ስለ ጣራው ያለችው ልክ ነው ማለት ነው። አልጻፈም። በዚህ አገር ከተሠሩት ጥሩ ነገሮች ስንቱ በሹም እፍረት እንደተሠራ የሚያጠና ሰው ቢገኝ፣ ያ የምር የዳሰሳ ጥናት ይሆን ነበር።

እኔ በደስታ እየዘለልሁ ወደ ቤት ሄድሁ። «እማ፣ ዓይነ ስውር ስለሆነች አዝነውላት ሁሉም እጃቸውን አወጡላት! ጸደቀ!»

«ወደቀ» አለች እናኑ፣ ማንቆርቆሪያውን እያስቀመጠች። «አቶ ዘመነ ‹ይውደቅ› ነው ያለው። ጥርት አድርጌ ሰምቼዋለሁ።»

«ጸደቀ!»

«ወደቀ አልኩሽ!»

«ኧረ ዝም በሉ!» አለች እናቴ። «ጸሐይነሽ እኮ ሴትዮዋን ጠይቃ ‹ጸደቀ› ብላ ስትጽፍ ዓይቻለሁ» አልሁ።

እናኑ እጇን ከማንቆርቆሪያው ላይ አነሣች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰች መሰለኝና ልይዛት ቀረብሁ። እየሳቀች ነበር፤ ሆዷን ይዛ፣ ድምፅ ሳታሰማ። «ኧረ እቺ ሴትዮ!» አለች። «ኧረ እቺ ሴትዮ!» ምኑ እንዳሳቃት አልነገረችኝም። እኔም ለሰባት ዓመት ልጅ ሊሰጥ የሚገባው መልስ እንደተነፈገኝ ተሰምቶኝ አኮረፍሁ።

ትምህርት ቤቱ ተሠራ። ናፍቆት ክረምት ከበጋ እየተመላለሰች፣ ከተቋራጩ ጋር እየተጨቃጨቀች፣ የተጣመመ ግድግዳ እያስፈረሰች አሠራችው። ሸክላ ሠሪዎቹ ሴቶች ንጣፉን ሠሩት፤ ጎረቤት «በእነሱ እጅ የተሠራ ላይ ልጆቻችን ሊሄዱ ነው?» ብሎ አጉረመረመ፤ ጉርምርምታው ውስጥ ያለውን ንቀት በልጅነቴ አልሰማሁትም፣ አሁን ያቃጥለኛል። ደንገሉ ከጣና ዳር መጣ። ደረጃ የሚባል ነገር በግቢው ውስጥ አልነበረም፤ ሽማግሌም፣ ነፍሰ ጡር መምህርትም፣ በክራንች የሚሄድ ልጅም ሳይሰናከል ይገባል።

የምረቃው ዕለት ተናጋሪው አቶ ዘመነ ነበር። «ይህን ራእይ ከጅምሩ የደገፍነው...» ብሎ ጀመረ። አልቀጥለውም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ንግግሩ ሳያልቅ እናኑ የእናቴን እጅ ለቀቀች። ከበሩ ጀምሮ ሸክላው ከእግሯ ሥር ጮኸ፤ ከንጣፉ ስትወጣ ድምፁ ይሞታል፣ ስትመለስ ይነሣል። እናቴ እጆቿን ዘርግታ፣ ልትወድቅ ነው ብላ ልትቀልባት ከኋላዋ ትከተላለች። የሚቀለብ ነገር ግን አልነበረም። እናኑ ጤና አዳሙ ጋ ስትደርስ ቆማ አሸተተች፤ ወደ ግራ ዞረች፤ ጣቶቿ የግድግዳውን ቦይ አገኙ፤ በቦዩ ሄዳ የመጀመሪያው ክፍል በር ላይ ቆመች።

«እዚህ ነው» አለች።

እናቴ የተዘረጉ እጆቿን የት እንደምታስቀምጣቸው ቸገራት። ወደ ቤት ሄደች። አክስቴ ከሐሙሲት «ልጅቱስ መቼ ነው የምትመጣው?» ብላ ስትልክ፣ «ትምህርት ላይ ናት በሏት» አለች፣ እናኑ ከተወለደች ጀምሮ ትምህርት ላይ የነበረች ይመስል። ወንዛዬም ከዚያ በኋላ የሄድነው ገላችንን ለመታጠብ ብቻ ነው።

አድጌ ሕግ ስማር ለናፍቆት ስልክ ደወልሁላት። «ኢንጂነር፣ ያን ቀን ዋሽተሽ ነበር አይደል?»

«በመጀመሪያ ኢንጂነር አይደለሁም፤ አርክቴክት ነኝ። ወረታ ሙሉ አንድም ሰው በትክክል ሳይጠራኝ ወጣሁ» አለችኝ። «ሁለተኛ፣ የዋሸው ጣራው ነው።»

እናኑንም ጠየቅኋት። ናፍቆት ዓይነ ስውር አለመሆኗን መቼ እንዳወቀች።

«ለምሳ የመጣች ዕለት፣ ጓዳው በር ላይ። እኔ ምንም ሳልናገር ‹ትምጣ› ስትል ድምፅዋ ቀጥ ብሎ ፊቴ ላይ መጣ። የማያይ ሰው ፊትሽን እንዲህ አያገኘውም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ስንት ዓመት ሙሉ!»

«ዓይን ያለው ሰው እንዲህ ሲሳሳት መስማት እንዴት ደስ እንደሚል አታውቂማ» አለች።

በ2010 ዓ.ም. እናኑ በዚያው ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርት ነበረች። እኔ ለክረምት ወረታ ሄጄ ነበር። አንድ ቀን ለስብሰባ አብሬያት ሄጄ ከኋላ ተቀመጥሁ። የእድሳት ፕሮጀክት ቀርቧል፤ ይዞት የመጣው ደግሞ ከዞን ተሹሞ የተመለሰው አቶ ዘመነ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አይሻርም፤ ቦታ ብቻ ይቀይራል። የዳሰሳ ጥናት ተደርጓል፤ ከመኪና ሳይወርዱ። ውጤቱ እንደሚከተለው ነው ተባለ፦ የግድግዳው ቦይ በልስን ይደፈናል፣ የሚጮኸው ሸክላ ተነቅሎ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ይነጠፋል፣ ጤና አዳሙ ይነቀላል፣ መስኮቱ ሰማያዊ መስታወት ይሆናል። ለዕይታ።

ውጭ ያው የሐምሌ ዝናብ ይወርዳል። ከደንገሉ ሥር ግን የሚሰማው እንደ ሩቅ ሹክሹክታ ነበር። ናፍቆት በወረታ ላይ የፈጸመችው በደል ይህ ነው፤ ሹም ሲናገር እያንዳንዱ ቃል የሚሰማበት ቤት ሠራች።

«እድሳቱ ይጽደቅ የምትሉ፣ እጅ!» አለ አቶ ዘመነ። ይህኛው «ይጽደቅ» ያለ ጥርጥር «ይጽደቅ» ነበር። እጆች ወጡ። መስማትም ለካ ምንም አልለወጠም።

እናኑ ተነሣች። «አቶ ዘመነ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔም የዚህ ስብሰባ አባል ነኝ፤ እጅ ግን አላይም። እጁን ያወጣ ሰው ስሙን ጠርቶ ‹ግድግዳው ይለሰን› ይበልልኝና እኔም ልቁጠር።»

«መምህርት፣ አሠራራችን እኮ በእጅ ነው።»

«ስትጽፉት ግን ‹በሙሉ ድምፅ› ብላችሁ ነው» አለች። «እንግዲያው ድምፁን ልስማው።»

አንድ ሰው ሳለ። አንድ ወንበር ተንቋቋ። ከፊት ረድፍ አንድ እጅ እንደ ማሳከክ ብሎ ጆሮ ግንድ ላይ ወረደ። ከጎኑ ያለው ወረደ። በየረድፉ ክንዶች ጭን ላይ ሲያርፉ የልብስ ኮሽታ ይሰማል፤ እናኑ ጭንቅላቷን አዘንብላ ኮሽታውን ታዳምጣለች። መጨረሻ ላይ የቀረው የአቶ ዘመነ እጅ ብቻ ነበር፤ ሁሉም ያየዋል፣ ሊያወርደው አልቻለም።

«ዘመነ» አለ፣ ጉሮሮውን እየጠረገ። «ግድግዳው ይለሰን።»

ድምፁ ጥርት ብሎ፣ ያለ አንዳች ማስተጋባት፣ እስከ ኋላ ረድፍ ደረሰ።

«አንድ» አለች እናኑ፤ ቀጣዩን ለመስማት ቆማ ጠበቀች።

የቀጠለ አልነበረም። የዚያን ቀን ቃለ ጉባኤ «ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ወድቋል» ይላል። ትንሽ ግነት አለበት፤ አንድ ድምፅ ነበር፣ እሱንም ሁላችን ሰምተነዋል።